ስለ ናዳና ስለ ቍልቍለት መሬት አጠባበቅ

የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ አገር ከፍ ያለ ደጋ ነው። በምሥራቅ ወገን መሬቱ ወደ ቆላው በገደል ይወርዳል፤ በምዕራብም ወገን ጀማና ወንጪት የሚባሉት ወንዞች በጥልቅ ሸለቆ ቈርጠውታል። ሕዝቡም በገደሉ አፍና በቍልቍለቱ ላይ ቤት ሠርቶ፥ እርሻ አርሶ ይኖራል። ስለዚህ የመሬትን ጠባይ መርምሮ ማወቅ ለዚህ አገር ሰው የሕይወት ጕዳይ ነው።

ናዳ ድንገት የወረደ ቢመስልም ምክንያት አለው። የደጋው ጥቁር ድንጋይ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ የረጋ ነው፤ በድርብርቡም መካከል የላላ ዐመድና ወደ ጭቃነት የተለወጠ ዐፈር ይገኛል። የዝናም ውሃ በስንጥቁ ሰርጎ ከዚህ ጭቃ ሲደርስ ይጠራቀማል፤ የላዩ መሬት በውሃ ይከብዳል፥ የታቹም ይላላል፤ ከዚያም ይንሸራተታል። የቍልቍለቱ እግር በወንዝ ሲሸረሸር ወይም ለመንገድና ለቤት ሲቈረጥ ደግሞ መሬቱ ደጋፊ ያጣል። የምድር መንቀጥቀጥም ያናውጠዋል፤ በ1953 ዓ.ም. በምሥራቁ ቆላ በካራ ቆሬና በማጀቴ የሆነው መንቀጥቀጥ ቤቶችን አፍርሷል፥ ናዳም አውርዷል።

ውሃ ወደ ውስጥ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነውና፥ ክረምቱ ስለ ወጣ ብቻ አደጋው አለፈ አይባልም። በደብረ ሲና አጠገብ በይዛባ ታላቁ የመሬት መንሸራተት የሆነው በመስከረም 1998 ዓ.ም. ነበር፤ ብዙ ሕዝብም ቤቱንና እርሻውን አጣ።

የናዳ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። በእርሻ ወይም በግጦሽ ላይ እንደ ማጭድ የጐበጠ ስንጥቅ ይታያል፤ ዛፍና የአጥር እንጨት ያዘነብላል፤ የቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል፥ መዝጊያውም አልገጥም ይላል፤ ንጹሕ የነበረ ምንጭ ይደፈርሳል፥ ባልነበረበትም ስፍራ አዲስ ምንጭ ይፈልቃል።

መምህሩ ስንጥቅ ባየ ጊዜ በወዲህና በወዲያ ካስማ ያስተክል፤ በመካከላቸው ያለውንም ርቀት ለክቶ ከቀኑ ጋራ በመዝገብ ይጻፍ። በዝናም ወራት በየቀኑ፥ በበጋ በየሳምንቱ ይለካ። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ መዝገቡን ማንበብና መጻፍ ለሚያውቅ ሽማግሌ አደራ ይስጥ። ሕፃናት ግን ወደ ስንጥቁ አይላኩ። ስንጥቁ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ፥ መስፋቱም እየፈጠነ ከሄደ መሬቱ ለመውረድ ተቃርቧልና፥ ሕዝቡ ከነከብቱ ወደ ጸና ስፍራ ይውጣ፤ ለወረዳውም ይነገር።

ስንጥቁ ጠባብ ሳለ በጭቃ ተጠቅጥቆ ይደፈን፤ ውሃውም በፈሰስ ወደ ጸና መሬት ይመለስ። ሣርና ዛፍ የላዩን ዐፈር ይይዛሉ፤ ከጥልቅ የሚንቀሳቀሰውን መሬት ግን ሥር አያቆመውም። የቀድሞ ናዳ የወረደበትን ስፍራ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ በዚያ ስፍራ ዳግመኛ ሊወርድ ይችላልና፥ ቤት እንዳይሠራበት ለወጣቶች ይንገሩ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ቤቶችን በደፈነ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ለማዳን ሮጠ፤ ሲቈፍሩም ሁለተኛው ናዳ ወርዶ እነርሱን ቀበራቸው። ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ። እንግዲህ ወገኑን ለማዳን የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ከላይ ያለውን ቍልቍለት ይመልከት፤ መሬቱ ሲንቀሳቀስ የሚጮኽ ጠባቂም በጸና ስፍራ ያቁም።