ዋትሳፕ የሚሰረቀው በስድስት ቁጥሮች ነው

ማታ አንዲት እናት ከእህታቸው ልጅ ስልክ የዋትሳፕ መልእክት ይደርሳቸዋል። በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው፤ «በስህተት ባለ ስድስት ቁጥር ኮድ ወደ ስልክሽ ልኬአለሁ፣ ቶሎ መልሰሽ ላኪልኝ» ይላል። ኮዱም በእርግጥ መጥቷል። ስሙም ፎቶውም የልጁ ነው። እናትየው ኮዱን ይልካሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዋትሳፓቸው በሌላ ሰው እጅ ነው።

ሌባው ያደረገው ይህ ነው፦ በራሱ ስልክ ዋትሳፕ ከፍቶ የእናትየውን ቁጥር አስገባ። ዋትሳፕ ደግሞ የቁጥሩን ባለቤት ለማረጋገጥ ኮዱን የሚልከው ወደ እሳቸው ስልክ ነው። ስለዚህ ለሌባው የቀረው ኮዱን ከእሳቸው መቀበል ብቻ ነበር። የእህታቸው ልጅ ዋትሳፕም ቀደም ሲል በዚሁ መንገድ ተወስዷል፤ መልእክቱን የጻፈው እሱ አይደለም። ቀጥሎ በእናትየው ስም ለዘመድ ሁሉ «ካርዴ አልሠራ አለኝ፣ 2000 ሸቃል አበድሩኝ» የሚል ይላካል። ዘመድ ሲቸግረው ብዙ ሳይጠየቅ በሚሰጥበት ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ይህ ገንዘብ ያስገኛል።

የሚያጋልጠው ነገር አለ። ብዙ ልጆች ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚከብዳቸው ወላጆች የሚልኩት በድምፅ ነው። ድንገት ጽሑፍ ከመጣ ደውሎ ድምፁን መስማት ይገባል፤ ያውም በዋትሳፕ ሳይሆን በመደበኛው የስልክ መስመር።

ኮዱን ለማንም ሳይሰጡ የተዘረፉም አሉ። ሌባው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ ኮዱ በስልክ ጥሪ እንዲነገር ያዝዛል። የሚያነሳ ሲጠፋ ኮዱ «ታ ኮሊ» በሚባለው የድምፅ መልእክት ማስቀመጫ ውስጥ ይቀዳል። የማስቀመጫው ሚስጥር ቁጥር ሳይቀየር 0000 ወይም 1234 ሆኖ ከቆየ፣ ሌባው ከሩቅ ደውሎ ያዳምጠዋል። የእስራኤል ብሔራዊ የሳይበር መሥሪያ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ስለዚህ አስጠንቅቋል። ታ ኮሊ የማይጠቀም ሰው ወደ ስልክ ኩባንያው ደውሎ ቢያዘጋው ይሻላል።

ጠንካራው ቁልፍ ያለው ግን እዚያው ዋትሳፕ ውስጥ ነው። በዕብራይስጥ «ሃግዳሮት»፣ ከዚያ «ሄሽቦን»፣ ከዚያ «ኢሙት ዱ-ሽላቢ» ሲጫኑ፣ ባለቤቱ ራሱ የሚመርጠው ሌላ ስድስት ቁጥር ይጠየቃል። የልደት ቀን ባይሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሌባው የተላከውን ኮድ ቢያገኝ እንኳ ይህን ካላወቀ መግባት አይችልም። የልጅ ልጅ ይህን በጥቂት ደቂቃ ይሠራዋል።

ልጆቼ ምን ይሉኛል ብለው እስከ ጠዋት ዝም የሚሉ ወላጆች አሉ። ሌባው ለዘመድ የሚጽፈው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ዋትሳፕ የተወሰደበት ሰው በራሱ ስልክ ቁጥሩን እንደገና ሲያስገባ አዲስ ኮድ ይመጣለታል፤ ኮዱን ሲያስገባ ሌባው ይወጣል። ሌባው ሁለተኛ ቁጥር ጨምሮ ከቆለፈው ባለቤቱ 7 ቀን መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል፤ ያም ሆኖ ሌባው ወጥቷል። ገንዘብ ከተላከ በመጀመሪያ የሚደወለው ለባንክ ነው። ምክር ለሚፈልግ ደግሞ የሳይበር መሥሪያ ቤቱ ስልክ 119 ነው፤ ሌሊትም ያነሳሉ።