ጠብታዋና ቁጥሯ

ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ ደም፣ ምራቅ ወይም የዘር ፈሳሽ ሲገኝ ዲኤንኤው ይወጣና ከተጠርጣሪው ጋር ይነጻጸራል። ፊልም የሚያይ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ፊልሙ የሚዘለው ቀጥሎ የሚመጣውን ስሌት ነው፤ ለእኔ ግን የፎረንሲክ ሳይንስ ውበቱ እዚያ ላይ ነው።

ባለሙያው «ይህ ዓይነት ዲኤንኤ ከሚሊዮን ሰው በአንዱ ይገኛል» አለ እንበል። ጋዜጠኛው «ተከሳሹ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው» ብሎ ይጽፋል። ዐቃቤ ሕጉም አንዳንዴ ይደግመዋል። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ቄስ ሁሉ ይጠመጥማል፣ የጠመጠመ ሁሉ ግን ቄስ አይደለም። የባለሙያው ቁጥር «ናሙናው የሌላ ሰው ቢሆን፣ ከተከሳሹ ጋር በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ ስንት ነው?» ለሚለው መልስ ነው። ጋዜጠኛው የመለሰው «ከገጠመ ወዲያ፣ ናሙናው የሌላ ሰው የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» የሚለውን ነው፤ ይህን ደግሞ ላቦራቶሪ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም።

የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 በዶሄኒና አዳምስ መዝገብ ነገሩን ፍርጥርጥ አድርጎ አስቀምጦታል። ከሚሊዮን አንድ ከሆነ፣ ያ ዲኤንኤ ያላቸው ወንዶች በብሪታንያ 26 ያህል ይኖራሉ፤ ተከሳሹም ከእነርሱ አንዱ ነው። ሌላ ምንም ማስረጃ ከሌለ ከዚህ በላይ አልተባለም! ተከሳሹ ወንጀሉ በተፈጸመበት ሌሊት እዚያው ሰፈር ከታየ ግን 26ቱ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሊወርዱ ይችላሉ። የዶሄኒ ፍርድ ተሻረ፤ የአዳምስ ጸና።

አንድ ጠበቃ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ዲኤንኤ ዋጋ የለውም ልትል ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ኧረ አለው። ጠንቃቃ ባለሙያ የዐቃቤ ሕጉንና የተከላካዩን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ውጤቱ በአንደኛው ታሪክ የመገኘት ዕድሉ ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ይናገራል። ላይክሊሁድ ሬሾ ይሉታል። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ለዳኛ ይተዋል። ደሙ እዚያ እንዴት ደረሰ የሚለውም ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነው።

ደግሞስ ፈሳሹ ደም መሆኑን ማን አረጋገጠ? ደም ፍለጋ የሚረጨው ሉሚኖል በረኪናም ሲነካው ያበራል። አውስትራሊያዊቷ ሊንዲ ቻምበርሌይን ሕፃን ልጇን ገድላለች ተብላ በ1982 ዕድሜ ልክ ሲፈረድባት፣ መኪናዋ ውስጥ የተገኘ «የሕፃን ደም» ከዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ነበር። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ርጭት ኋላ ሲመረመር፣ መኪናው ሲሠራ ድምፅ እንዲያፍን የተረጨ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ፍርዱ በ1988 ተሻረ፤ በ2012 ደግሞ ሕፃኗን የወሰዳት ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ እንደሆነ በይፋ ተወሰነ።

የፍርድ ቤት ዜና የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ቁጥሩን ስትጠቅሱ እባካችሁ «ናሙናው የሌላ ሰው ቢሆን» የምትለዋን ሐረግ ቦታ ጠበበን ብላችሁ አትቁረጧት።