ለቀጨኔ ዳገት የትኛው ሞተር? ሲሲ ብቻ አይታይም

«ቦክሰር ይሻላል ወይስ አፓቼ?» ሞተር ለመግዛት ብር እያጠራቀመ ያለ የሰፈር ልጅ ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሲሲ ነው የሚሰጠው፤ 180 ከ150 ይበልጣል፣ አለቀ። ቀጨኔ ለሚኖር፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ዳገቱን ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ግን ሲሲው የነገሩ ግማሽ እንኳ አይደለም።

ግራ እንዳያጋባችሁ፣ እዚህ «ሞተር» ስንል እንደ ሰፈሩ አጠራር ሞተር ሳይክሉን ነው። ቤንዚን የሚያቃጥለውን ክፍል «ኢንጂን» እንለዋለን።

ከአየሩ እንጀምር። ኢንጂን የሚሠራው በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በቤንዚንና በአየር ነው። ቀጨኔ እንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር ካነሰ ደግሞ ኃይልም ያንሳል። ቦክሰር 150 በወረቀት 12 የፈረስ ጉልበት አለው፤ እዚህ 9 ገደማ ቢሰጣችሁ ነው። አፓቼ 180 ከ17 ወደ 13 ይወርዳል። ካታሎጉ ይህን አይነግራችሁም፣ የተጻፈው ለቀጨኔ አይደለም።

«ታዲያ 13 ከ9 ይበልጥ የለ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ግን ኃይሉ የት ላይ ነው ያለው? ቦክሰሩ ከፍተኛውን የማዞር ጉልበቱን (ቶርክ የሚሉትን) የሚሰጠው ኢንጂኑ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር ነው። አፓቼው 6,500 አካባቢ መድረስ አለበት። ቀለበት መንገድ ላይ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም፣ እንዲያውም አፓቼው ያስደስታል። ከፒያሳ ወደ ላይ፣ ከታክሲ ኋላ እየቆማችሁ እየተነሳችሁ፣ ከኋላ በሣር የተጠቀለለ ጀበና ወይ ሰው ጭናችሁ ስትወጡ ግን በእግር መሄጃ ፍጥነት ላይ ናችሁ። ያኔ ዙሩን ከፍ አድርጎ ለማቆየት ፍሪስዮኑን ግማሽ ይዞ ነዳጅ መስጠት ግድ ይላል። ፍሪስዮን የሚበላው እንዲህ ነው። አፓቼ ደካማ ነው እያልን አይደለም፤ ጉልበቱ ከፍ ባለ ዙር ላይ ስለሆነ ቀስ ብሎ ለሚወጣ ሰው አይመችም ነው የምንለው።

በነገራችን ላይ «ቦክሰር» ስሙ ብቻ ነው። እውነተኛው የቦክሰር ኢንጂን ሁለት ሲሊንደር ግራና ቀኝ የተጋደሙበት፣ ቢኤምደብሊው ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞተሮቹ ላይ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው። የባጃጁ ቦክሰር አንድ ሲሊንደር ነው ያለው፣ ለዚህ ሰፈር ደግሞ አንድ ሲሊንደር ይበቃል።

ሌላው በብዛት የምታዩት የቻይና 125 እና 150 ነው። የብዙዎቹ አባት ሆንዳ ሲጂ 125 ነው፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ። ሆንዳ ይህን ሲሠራ ያሰበው ዘይት በሰዓቱ የማይቀይሩ፣ ከአቅም በላይ የሚጭኑ ነጂዎችን ነበር። ስለዚህ ቫልቮቹን በላይኛው ካምሻፍትና በሰንሰለት ከማንቀሳቀስ ይልቅ ካሙን ታች አድርጎ በዘንግ ወደ ላይ እንዲገፉ አደረገ። ውጤቱ ቀላልና ቻይ የሆነ፣ የትም ጋራዥ የሚፈታ ኢንጂን ነው። ከፍ ያለ ዙር አይወድም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ዳገት ላይ ከታች ጀምሮ ይጎትታል። ቅጂዎቹ እንደየፋብሪካው ጥራታቸው ይለያያል፤ ዲዛይኑ ጥሩ ነው ማለት ብረቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

የድሮዎቹ ባለ ሁለት ምት ያማሃዎች ዳገት ላይ የሚደንቁ ናቸው፣ ፒስተኑ በወጣ በወረደ ቁጥር ይተኩሳሉና። ነገር ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ ጭሱ ለጎረቤት አይሆንም። ለዕለት ሥራ አንመክርም።

አሁን ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ጉዳይ፦ ካርቡሬተር ወይስ ኢንጀክሽን? ካርቡሬተር የት ከፍታ ላይ እንዳለ አያውቅም። ለቆላ የተስተካከለው እዚህም ያንኑ ያህል ቤንዚን ያፈሳል፣ አየሩ ግን የለም። ምልክቱ ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጥላሸት መልበሱ፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ መውጣቱ፣ ቤንዚን ቶሎ ማለቁ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ጠበብ ባለች መቀየር። ሠፍቶ መክፈት የባሰ ነው፣ «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ የሚመክራችሁን አትስሙ። ኢንጀክሽን ግን የአየሩን ግፊት በሴንሰር ለክቶ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል፣ ስለዚህ ለዚህ ከፍታ የተሻለው እሱ ነው። ችግሩ ሲበላሽ ነው። የቤንዚን ፓምፑ ቆሻሻ አይወድም፣ ባትሪ ከሞተ ላይነሳ ይችላል፣ ስህተቱን የሚያነብ መሣሪያ ያለው ጋራዥም በየመንደሩ አይገኝም። ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሚሠራላችሁ እወቁ።

ስለ መውጣት ብዙ አወራን፣ ሰው የሚጎዳው ግን ብዙውን ጊዜ ሲወርድ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ ዜሮ አድርጎ ቁልቁል መልቀቅ የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። ባለ አራት ምት ኢንጂን በሁለተኛ ማርሽ ሆኖ ነዳጅ ሲለቀቅለት ራሱ ይይዛችኋል፤ ዜሮ ላይ ግን ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቆማል። ዝናብ ሲሆን፣ ኮብልስቶን ላይ፣ ነገሩ ይብሳል። ባለ ሁለት ምቱና ማርሽ የሌለው ስኩተር እንዲህ አጥብቀው አይይዙም፣ ይህንንም ስትመርጡ ቁጠሩት።

ኤሌክትሪኩስ? አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ከላይ ያልነው የሩብ ቅናሽ እሱን አይነካውም፤ ከቆመበት ሲነሳም ሙሉ ጉልበቱ አለ። «ዳገት ባትሪ ይጨርሳል» የሚባለውን አስልተነዋል። ሞተሩና ነጂው አንድ ላይ 170 ኪሎ ቢሆኑ፣ 200 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ የሚፈልጉት ከ0.1 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው። ብክነቱ ቢታከልበትም ባለ 2 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላይ ትንሽ ነገር ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ጎማው ውስጥ የተቀበረ አነስተኛ ሞተር ያላቸው ርካሾቹ ዳገት ላይ ሁለት ሰው ሲጫንባቸው ይግላሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራ የለም።

የእኛ ምርጫ? የምትሠሩት ዴሊቨሪ ከሆነና ጋራዣችሁ ሰፈር ውስጥ ከሆነ፣ ቦክሰር ዓይነት በአየር የሚቀዘቅዝ 150፣ ካርቡሬተሩ ለከፍታው ተስተካክሎ። ኢንጀክሽን የሚያውቅ ሰው ካላችሁ እሱን ውሰዱ። ያገለገለ ስትገዙ ሜዳ ላይ አትሞክሩት፤ ሰው ከኋላ ጭናችሁ ዳገት መሃል አቁሙትና እንደገና አስነሱት። ኢንጂኑ እየጮኸ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ፍሪስዮኑ አልቋል፣ ዋጋው ላይ ተደራደሩ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር መከልከሉን፣ በኋላም በፈቃድ መመለሱን አትርሱ። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የፈቃዱን ወረቀት ዓይታችሁ፣ የሻሲ ቁጥሩን ከራሱ ከሞተሩ ጋር አመሳክሩ።