ሲፎን፦ በጉብጠቱ የሚቀረው ውሃ

ይርጋጨፌ ቡና ሳይፈላበት የሚውል ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ድሮ ስኒው ታጥቦ፣ ጀበናው ተለቅልቆ አተላው ጓሮ፣ እንሰት ሥር ይደፋ ነበር። የእጅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን አተላው በሳህኑ ቀዳዳ መውረድ ጀመረ። ውሎ አድሮ ውሃው አልወርድ ብሎ ሳህኑ ላይ ይተኛል። ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ሲመጣ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ከሳህኑ ሥር ወደተንጠለጠለው ጠማማ ቱቦ፣ ወደ ሲፎኑ ነው።

ሲፎን የተጣመመው በምክንያት ነው። ቧንቧው ሲዘጋ አብዛኛው ውሃ ይሄዳል፣ ጥቂቱ ግን በጉብጠቱ ውስጥ ይቀራል። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ይህ ውሃ የቤቱ መዝጊያ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ አብዛኞቹ የአገሪቱ ከተሞች የጋራ ፍሳሽ መስመር ስለሌላቸው ቆሻሻው እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ይገባል። እዚያ ሲብላላ ሜቴንና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል። ጋዙ በቱቦው ሽቅብ ሲመለስ የሚያግደው ያው የቀረው ውሃ ነው።

ይህን ብልሃት ለመጸዳጃ ቤት አውሎ በ1775 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ውሃው ሲጠፋ ምን ሊመጣ እንደሚችል ደግሞ ሆንግ ኮንግ አይታለች። በ2003 እ.ኤ.አ. አሞይ ጋርደንስ በተባለው የመኖሪያ መንደር ከ300 በላይ ሰዎች በሳርስ ሲያዙ፣ መርማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የመታጠቢያ ቤቶቹ የወለል ሲፎኖች መድረቃቸው ነው።

ስለዚህ ውሃ ለሳምንታት ሲቋረጥ ወይም የእንግዳ ክፍል ተዘግቶ ሲከርም የሚመጣው ሽታ ብዙውን ጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም። ሲፎኑ ደርቋል፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ማፍሰስ ይበቃዋል።

የሙያው ቋንቋ ከጣሊያን የመጣ ነው። ጎሚቶ በጣሊያንኛ ክርን ማለት ነው፤ ቱቦው የሚታጠፍበት ዕቃ ስሙን በትክክል አግኝቷል። ሁለት ቱቦ የሚያገናኘው ማኒኮቶ፣ መጋዙ ሴጌቶ፣ የብረት ቱቦ ማጥበቂያው ጅራቱቢ ይባላል። የፕላስቲክ ሲፎን ግን ጅራቱቢ አይወድም። ቀለበቱ በእጅ ይጠብቃል፤ በብረት ጉልበት ሲጠመዘዝ ጥርሱ ይበላሻል ወይም ይሰነጠቃል። ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርገው ውስጡ ያለው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው አንድ ወገኑ ሾጠጥ ያለ ከሆነ ሹሉ ወደሚገባበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ይንጠባጠባል።

ተዳፋቱ ነው ትልቁ ነገር። አግድም ቱቦ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ይበቃዋል። ይህን ለይርጋጨፌ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ የቡና እጥበት ጣቢያ ቦዩ እንዲሁ በለዘብታ ተዘንብሎ ነው ቡናው ከውሃው ጋር የሚሄደውና ከባዱ ፍሬ ከቀላሉ የሚለየው። ተዳፋቱ ካነሰ ደለል ይተኛል። በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ገደላማ ምድር ደግሞ ፈተናው ተቃራኒው ነው፤ ከሲፎኑ የወጣ ቱቦ ቁልቁል ከተለቀቀ፣ የሚወርደው ውሃ በጉብጠቱ ውስጥ ያለውንም ስቦ ይወስደዋል። ሲወሰድ ይንጎራጎራል። ቱቦው በቀጥታ ወለል ውስጥ ሲገባም ይኸው ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ዙሪያው ካልተደፈነ በረሮ መንገድ ያገኛል።

እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጠው ርካሽ ቱቦ በየሱቁ ይሸጣል፤ ለመግጠም ያመቻል፣ ግን ሽንሽኑ ፀጉርና አተላ ይይዛል፣ ጉብጠቱም ሲለጠጥ ይጠፋል። ውስጡ ለስላሳ የሆነው ሲፎን ይሻላል።

ማጽዳቱ ራሱ ረጅም ሥራ አይደለም። ባልዲ ከሥር ይደረጋል፣ ቀለበቶቹ ይፈታሉ፣ ጥቁሩ ዝቃጭ ይወጣል፣ ጎሚኒው ታጥቦ ይመለሳል። ከዚያ ሳህኑ በውሃ ተሞልቶ ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሠራተኛው ደረቅ ሶፍት በየመገጣጠሚያው ያሳልፋል፣ ጆሮውንም ያዘነብላል። ሶፍቱ ካልራሰና ቱቦው ካልተንጎራጎረ ባልዲውን አንስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ አተላውን እንሰቱ ሥር ይደፋዋል።