«ማደስ» ስንት ሥራ ይሸከማል? የደበዘዘ የጭነት መኪና ፕላስቲክና የስያሜው ጥያቄ

መግቢያ

የሙያ ቃል ከተራ ቃል የሚለይበት ዋናው ምልክት የስሕተቱ መድረሻ ነው። በተራ ንግግር አንድ ቃል ያለ ቦታው ቢገባ ሰሚው ከዐውዱ ተነሥቶ ያቃናዋል፤ በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ግን የተሳሳተ ቃል ከዐይን ወደ እጅ ይወርድና ዕቃ ያበላሻል፥ ገንዘብ ያስወጣል፥ አንዳንድ ጊዜም ሰው ይጎዳል። በመሆኑም የስያሜ ሥራ የቋንቋ ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ መሆኑን ደጋግሞ ማስታወስ ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ በመልኩ አነስተኛ ነው። ይኸውም በአሮጌ የጭነት መኪና ውጫዊ አካል ላይ ያሉት ጥቁር የፕላስቲክ ክፍሎች ደብዝዘው አመድ በመሰሉ ጊዜ፥ የቀድሞ መልካቸውን ለመመለስ የሚሠራው ሥራ በአማርኛ እንዴት ይሰየማል የሚል ነው። ተርጓሚ በቅርብ የሚያገኛት ቃል «ማደስ» ናት። ይሁን እንጂ «ማደስ» የውጤት ስም እንጂ የሥራ ስም አይደለችም፤ በሥራ ስም ፈንታ በገባች ጊዜ ጠባያቸውም ውጤታቸውም የተለያየ አራት ሥራዎችን አንድ አስመስላ ታሳያለች። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

ለምርመራው አቃቂ ቃሊቲ የተመቸ ስፍራ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ጭነት በዚህ በኩል ያልፋል፤ የጉምሩክ ጣቢያው፥ ፋብሪካዎቹ፥ ጋራዦቹም በዚሁ ይገኛሉ። በዚያው አካባቢ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አለ። ጋራዡና ማረሚያ ቤቱ ምን ያገናኛቸዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የሚያገናኛቸው የቃል አሠራር መሆኑን በአራተኛው ክፍል እናሳያለን።

1. የብረቱ ቃላትና የፕላስቲኩ ዝምታ

ከአማርኛ የመኪና ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የተወረሱ መሆናቸው የታወቀ ነው። ጋቢና፥ ፍሬቻ፥ ስፖኪዮ፥ ታርጋ፥ ፓራፋንጎ፥ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ላሜራ፥ ካቻቪቴ የሚሉትን መጥቀስ ይበቃል። እነዚህ ቃላት ከዕቃው ጋር አብረው የመጡ ናቸው። ማምረቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረው ፊያት 682 በአገራችን «ኤንትሬ» በሚል ስም ይታወቃል፤ ስሙም ከሞዴሉ ምልክት፥ ማለት «ኤን» ከሚለው ፊደልና ሦስት ማለት ከሆነው «ትሬ» ከሚለው የጣልያንኛ ቍጥር የተገኘ ነው። የዚያ ዘመን የጭነት መኪና አካል በአመዛኙ ብረት ስለ ነበረ፥ የወረስነውም የአካል ጥገና ቋንቋ የብረት ቋንቋ ነው። ላሜራ ይቀጠቀጣል፥ ይበየዳል፥ በስቱኮ ይሞላል፥ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፥ አንቲረስት ይቀባል፥ በመጨረሻም ቀለም ይረጫል።

የፕላስቲኩ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ለመኪና ውጫዊ ክፍሎች በብዛት የሚያገለግለው ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን፥ ብዙ ጊዜም ከጎማ ጋር የተቀላቀለ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ይህን ንጥረ ነገር ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 በሚላኖ አስገኘው፤ በ1963ም ከጀርመናዊው ካርል ሲግለር ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ስለዚህ ፖሊፕሮፒሊን የጣልያን ቤተ ሙከራ ልጅ ነው፤ ወደ አማርኛ ግን በጣልያንኛ አልመጣም። እንደ አይሱዙ ባሉ የጃፓን መኪናዎች ላይ ተገጥሞ መጣ፤ ስሙም «ፕላስቲክ» ከሚለው ጥቅል ቃል አላለፈም። ጀሪካኑም ፕላስቲክ፥ ፌስታሉም ፕላስቲክ፥ የመኪናው የፊት ፍርግርግም ፕላስቲክ ተባለ።

ቋንቋው ዝም ባለበት ስፍራ የጎረቤት ቃል ይገባል። የብረቱ የሥራ ቅደም ተከተል ከነቃሉ ወደ ፕላስቲኩ ሲዛወር ችግሩ ይጀምራል። አንቲረስት ስሙ እንደሚያመለክተው ዝገትን ለመከላከል ለብረት የሚቀባ ነው፤ ፕላስቲክ ግን አይዝግም። የፖሊፕሮፒሊን ገጽ ቀለምን በቀላሉ የማይዝ በመሆኑ፥ ከቀለሙ በፊት ለዚሁ የተዘጋጀ ልዩ ቅብ ያስፈልገዋል። በመመሪያው ላይ ያለውን የመጀመሪያ ቅብ ተርጓሚው «አንቲረስት» ብሎ ቢመልሰው፥ ሠራተኛው የታዘዘውን በትክክል ፈጽሞ ሳለ ቀለሙ ተልጦ ይወድቃል። ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የቃሉ ነው።

2. የደበዘዘው ምኑ ነው?

የጉዳቱን መልክ ለመግለጽ አማርኛ ቃል አይቸግረውም። ቀለሙ ለቀቀ፥ ወየበ፥ ገረጣ፥ ነጣ፥ አመድ ለበሰ እንላለን። ችግሩ እያንዳንዱ ቃል የራሱን የምክንያት ግምት ይዞ መምጣቱ ነው። ስለሆነም ቃሉን ከመምረጥ በፊት በፕላስቲኩ ላይ የሚሆነውን ማወቅ ይገባል።

ጥቁሩ ፕላስቲክ ጥቁረቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከጥላሸት ነው። ጥላሸቱ ላይ ላዩን የተቀባ ሳይሆን በውስጡ ሁሉ የተደባለቀ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተባብሮ የላይኛውን ሽፋን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል፤ ሽፋኑም ይደርቃል፥ በዐይን የማይታዩ ስንጥቆች ያወጣል። ለማጠንከሪያ የተቀላቀለ የታልክ ዱቄት ካለም ወደ ገጹ ይጋለጣል። በዚህ ሻካራ ገጽ ላይ ያረፈው ብርሃን ወደየአቅጣጫው ስለሚበተን ጥቁሩ ነጣ ብሎ ይታያል። ጥላሸቱ ግን አልሄደም፤ ከተጎዳው ስስ ሽፋን በታች እንዳለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቃሊቲም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። የወደቡ መኪና በቆላ ሙቀቱን፥ በደጋ ጨረሩን ይቀበላል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ቃላቱን መመዘን ይቻላል። «ቀለሙ ለቀቀ» ከጨርቅ የተወሰደ ነው፤ በጨርቅ ላይ ቀለሙ በእርግጥ ወጥቶ ይሄዳል። በፕላስቲኩ ላይ ግን የምርመራ ስሕተት ነው፤ ቀለም ከሄደ መድኃኒቱ ሌላ ቀለም መቀባት ነውና አንባቢውን ወዲያው ወደ ቀለም ቆርቆሮ ይመራዋል። «ወየበ» ነጭ የነበረ ነገር ወደ ቢጫነት ሲያዘነብል የሚነገር ነው፤ ለጥቁር ነገር አይስማማም። «ገረጣ» ለፊትና ለቅጠል የተመቸ ሲሆን ለዕቃም መነገሩ አይከፋም፤ የሚያሳየው ግን የቀለሙን መሳሳት ብቻ ነው።

ለሁኔታው ይበልጥ የሚቀርበው «አመድ ለበሰ» የሚለው ነው። ቅባት ያጣ ደረቅ ቆዳ አመድ ለበሰ ይባላል፤ ቅባት ሲነካው ወዲያው ይወዛል። በቆዳውም በፕላስቲኩም የሚታየው አንድ ነው፤ የሻከረው ገጽ ብርሃንን ይበትናል፥ ቅባቱ ስንጥቁን ሲሞላው መበተኑ ይቀንሳል። ነገር ግን ቆዳ ሕይወት ስላለው ራሱን ይተካል፤ ፕላስቲክ አይተካም። ስለዚህ «አመድ መልበስ» የምልክቱ ስም ይሁን፤ የጉዳቱ ስም ግን «የገጽ መጃጀት» ቢባል ይሻላል፤ መጃጀት የዕድሜንና የፀሐይን ሥራ ያመለክታልና።

3. አራቱ ሥራዎች

ማናቸውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ቀድሞ የተቀባ ዘይት ወይም ሰም ካለም ይወገዳል። በክፍሉ ውስጠኛ ገጽ በላቲን ፊደል የታተመውን ምልክት ማንበብም ጠቃሚ ነው፤ «ፒፒ» የሚል ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው።

ሀ) መፈግፈግ። የጃጀውን ሽፋን በስሱ አሽቶ ማንሣት ነው። «መፋቅ» ብረት ላይ ያለ ቀለምን ወይም ዝገትን በኀይል ማንሣትን ስለሚያስታውስ ለዚህ ይከብዳል፤ ሠራተኛውም በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ገብቶ የፕላስቲኩን የአሸዋ ቆዳ መሰል ቅርጽ ሊያጠፋው ይችላል። ምጣድና ድስት የሚፈገፈግበት እጅ ግን መጠኑን ያውቃል።

ለ) ማውዛት። በሲሊኮን ወይም በሌላ ቅባት ገጹን ማለስለስ ነው። መልኩ በደቂቃ ይመለሳል፤ ዝናብና እጥበት ግን መልሰው ይወስዱታል። በናፍጣ ወይም በምግብ ዘይት መወልወልም ከዚሁ ወገን ነው፤ አቧራ ከመሳቡም በላይ ናፍጣው ከፕላስቲኩ ጋር የተቀላቀለውን ጎማ ሊያሳብጠው ይችላል። «ወዛ» የሚለው ግስ ጊዜያዊነትን በውስጡ ስለያዘ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው፤ ወዝ ይመጣል፥ ወዝ ይሄዳል።

ሐ) መለብለብ። በሙቅ አየር መሣሪያ ወይም በእሳት ነበልባል ገጹን በቅጽበት ማቅለጥ ነው። ሻካራው ገጽ ስለሚለሰልስ ጥቁረቱ በአስደናቂ ሁኔታ ይመለሳል። ሆኖም የተበጠሰው ሞለኪውል አልተጠገነም፤ መደብዘዙም ይደገማል። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከ500 ዲግሪ የሚበልጥ አየር የሚተፉ መሣሪያዎችም ስላሉ፥ እጅ ጥቂት ከዘገየ ክፍሉ ይጣመማል። ይህን ሥራ «ማሞቅ» ብሎ መተርጐም አደጋውን መሸፈን ነው። ሳማና እሳት የሚለበልቡ መሆናቸውን የሚያውቅ አንባቢ «መለብለብ» የሚለውን ሲያነብ ራሱ ይጠነቀቃል።

መ) መለበጥ። ከገጹ ጋር ተጣብቆ የሚደርቅ ሽፋን ማልበስ ነው። ቀለም ከሆነ አስቀድሞ የሚያጣብቀው ቅብ ይፈልጋል፤ ይህንን ቅብ «መያዣ ቅብ» እንለዋለን፤ ሥራው ማስያዝ ነውና። በወርቅ የተለበጠ እንጂ ወርቅ እንዳልሆነ ዕቃ ሁሉ፥ የተለበጠው ፕላስቲክም ከሥሩ ያው ነው። «የለበጣ ሳቅ» የሚለው አነጋገር የቃሉን ጠባይ በሚገባ ያስረዳል።

እንግዲህ «ማደስ» ለየትኛው ትቀመጥ? ለአራቱም ለየብቻ አትሰጥ፤ ማጠቡ፥ መፈግፈጉና ከጨረር የሚከላከለው ሽፋን ተከታትለው በተፈጸሙ ጊዜ ለጠቅላላው ሥራ ትሰጥ። የተወዛ መኪና «ታድሷል» ተብሎ ቢሸጥ፥ ገዢው ለአንድ ክረምት ወዝ የእድሳት ዋጋ ይከፍላል።

4. የ«ማ—ያ» ስሞችና ማረሚያ ቤት

ሻጭ በጠርሙሱ ላይ «ማደሻ» ብሎ ቢጽፍ ዋሸ ይባላልን? ሰዋስዋዊ መልሱ አይባልም ነው። ማደሻ፥ ማውዣ፥ መለበጫ፥ መፈግፈጊያ የመሣሪያ ወይም የቦታ ስሞች ናቸው፤ የሚናገሩት ዓላማን እንጂ ፍጻሜን አይደለም። «ማደሻ» ለማደስ የታሰበ ማለት ነው፤ «አድሷል» ግን ራሱን የቻለ ሌላ ዐረፍተ ነገር ነው፥ ማስረጃም ይፈልጋል።

የዚህ ወገን ከሆኑት ስሞች በሰው ሕይወት ላይ ትልቁን ክብደት የተሸከመው «ማረሚያ ቤት» ይመስለናል። አማርኛ ቀድሞ ለዚህ ተቋም ሌሎች ስሞች ነበሩት። «ወህኒ» በጎንደር ዘመን የነጋሢ ዘር ይጋዝበት ከነበረው አምባ ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ «ከርቸሌ» የጣልያንኛ ውርስ ነው፤ «እስር ቤት» ደግሞ የሚሠራውን ሥራ ያለ ሽፋን ይናገራል። «ዓለም በቃኝ» ይባል የነበረው የአዲስ አበባው ወህኒ ቤት ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። «ማረሚያ ቤት» በአዋጅ ቁጥር 365/1995፥ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1174/2012 የሕግ ስም ሆኖ እናገኘዋለን። ለተርጓሚ የሚገርመው፥ የእነዚሁ አዋጆች የእንግሊዝኛ ቅጅ «ፕሪዝን» ማለቱን መቀጠሉ ነው። በአንድ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የአማርኛው ዓምድ ዓላማን ሲሰይም የእንግሊዝኛው ዓምድ መታሠርን ይሰይማል።

«አረመ» ገበሬው በማሳው፥ መምህሩም በደብተር ላይ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ «ታራሚ»ም በመታረም ላይ ያለ እንጂ የታረመ አይደለም። ስለዚህ ስያሜው መልካም ዓላማ ይናገራል፤ ዓላማው የሚፈጸመው ግን በውስጡ ባሉት የሥራ ግሦች ነው፦ ማስተማር፥ ማሠልጠን፥ መምከር፥ ማከም። እነዚህ ካልተፈጸሙ አዲሱ ስም ለአሮጌው ቤት ማውዣ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች ለእስረኞች ጠቃሚ የሆነ የሙያ ሥልጠና እንዲሰጥ ያዛሉ። የሥልጠናው ጽሑፍ በሰልጣኙ ቋንቋ ሲዘጋጅ የስያሜው ጉዳይ ከመዝገበ ቃላት ገጽ ይወጣል። በግንብ ውስጥ ያለ ሰልጣኝ የጎረቤት ጋራዥ ሄዶ አይጠይቅም፤ ያለው የአሠልጣኙ እጅና የወረቀቱ ቃል ነው። «ማደስ»ን ብቻ ተምሮ የወጣና አራቱን ሥራዎች ለይቶ የወጣ ሰው በአንድ የጋራዥ ባለቤት ፊት ሲቆሙ እኩል አይታዩም።

5. ለመዝገበ ቃላት የቀረቡ ስያሜዎች

አመድ መልበስ፦ የጥቁር ፕላስቲክ ገጽ ነጣ ብሎ መታየት፤ ምልክት።
የገጽ መጃጀት፦ በጨረርና በኦክሲጅን የላይኛው ሽፋን መጎዳት፤ ምክንያት።
መፈግፈግ፦ የጃጀውን ሽፋን በስሱ አሽቶ ማንሣት።
ማውዛት፥ ማውዣ፦ በቅባት ለጊዜው ማለስለስ፤ ለዚሁ የሚሆን ቅባት።
መለብለብ፦ በሙቅ አየር ወይም በነበልባል ገጹን በቅጽበት ማቅለጥ።
መያዣ ቅብ፦ ቀለም በፕላስቲክ ላይ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ።
መለበጥ፥ መለበጫ፦ ተጣብቆ የሚደርቅ ሽፋን ማልበስ፤ ሽፋኑ።
ማደስ፦ ማጠብን፥ መፈግፈግንና መከላከያ ሽፋንን አጠቃልሎ የሚይዝ ሙሉ ሥራ።

እነዚህ ቃላት ሁሉ በሕዝቡ አፍ ያሉ ናቸው፤ የተጨመረባቸው ድንበር ብቻ ነው። ድንበሩ መጽናቱ የሚታወቀው በኮሚቴ ውይይት ሳይሆን በሥራ ላይ ነው፤ ተርጓሚው ጽሑፉን ከማሳተሙ በፊት ለአንድ የላሜራና ቀለም ሠራተኛ ቢያነብለትና «ከዚህ ቀጥሎ እጅህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቀው፥ የቃሉን ብቃት ከመልሱ ያገኘዋል።