አልነሣ ስላለ ኦቶሞቢል፤ የምክንያቱ ምርመራና ጥገናው

በኅዳርና በታኅሣሥ የጦሳ ተራራ ብርድ በደሴ ላይ ሲወርድ፣ ማለዳ በፒያሳ የሚያልፍ ሰው አንድ ድምፅ ይሰማል። ይኸውም ሌሊቱን በብርድ ያደረ ኦቶሞቢል እየተንገታገተ አልነሣ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ነው። ኦቶሞቢሉ በዚያች ሰዓት የሚጠበቅበት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ቀላል አይደለም። የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ወደ ወረዳ ሊሄድ ይሆናል፤ ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ሐኪም ቤት ልትደርስ ይሆናል። በረዶው ቀልጦ የሞቀ ክትባት ኃይሉን ያጣልና፣ ከቀትር በኋላ ቢደርስም ለከብቱ አይጠቅምም።

ስለዚህ ኦቶሞቢል በእጁ ያለ ሹም ወይም ባለ እርሻ፣ መካኒክነት ባይማርም እንኳ፣ የአለመነሣቱን ምክንያት መለየት ይገባዋል። ምክንያቱን ያልለየ ሰው ደኅናውን ባትሪ አስወጥቶ አዲስ ይገዛል፤ ገንዘቡም ይጠፋል፤ ኦቶሞቢሉም በማግሥቱ አይነሣም።

ኦቶሞቢል በኢትዮጵያ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ግን መኪና የበዛው ኢጣልያኖች በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዙና ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚያደርሰውን መንገድ ከሠሩ በኋላ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ቃሉም በጋራዥ ውስጥ ቀረ። ፒያሳ ማለት አደባባይ ማለት ነው፤ በቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረው ካንዴላ ሻማ ማለት ናት፤ ሞተሩን ለማስነሣት የሚያዞረው ሞተሪኖም ትንሽ ሞተር ማለት ነው። ባለንብረቱ እነዚህን ስሞች ቢያውቅ ከመካኒክ ጋር ሲነጋገር አይታለልም።

የምርመራው መጀመሪያ ጆሮ ነው። ቁልፉ ሲዞር ከሦስት ነገር አንዱ ይሰማል። ወይም ፍጹም ዝምታ ነው፤ ወይም ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ነው፤ ወይም ሞተሩ እንደ ወትሮው ይዞራል፣ ነገር ግን አይያዝም።

ዝምታ ወይም ጠቅታ የሆነ እንደ ሆነ የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ዳግመኛ ማዞር ነው። መብራቱ ፈዝዞ የሚጠፋ እንደ ሆነ አንድም ባትሪው ደክሟል፣ አንድም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል ወይም ዝጓል። መብራቱ ሳይፈዝ እንደ ደመቀ የሚቆይ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ከባትሪው አይደለም፤ አንድም ሞተሪኖው ነው፣ አንድም ወደ እርሱ የሚሄደው ሽቦ ወይም ፊውዝ ነው። ማርሹ ራሱ የሚቀያየር ኦቶሞቢል ደግሞ ማርሹ በማቆሚያው ወይም በባዶው ስፍራ ካልሆነ ሞተሪኖው ከቶ አይዞርም። ለዚህ ብቻ መካኒክ ያስጠራ ሰው ጥቂት አይደለም።

ጠቅታው ተደጋግሞ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ነው። የባትሪውም ነገር በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ልዩ ጠባይ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቆላ ሙቀት የባትሪውን ሆድ ዕቃ ቶሎ ያስረጀዋል፤ የደጋ ብርድ ደግሞ በአሲዱና በእርሳሱ መካከል ያለውን ሥራ ያዘገየዋል፤ የሞተሩንም ዘይት ያወፍረዋል። ስለዚህ በኮምቦልቻ ወይም ከባቲ ቁልቁል በሚሌ በረሃ ያረጀ ባትሪ፣ እርጅናው የሚገለጠው ወደ ደሴ ወጥቶ ባደረበት ሌሊት ነው። ሹፌሩ ደሴን ይረግማል፤ በደሉ ግን የቆላው ነው።

የቮልት መለኪያ ያለው ሰው ኦቶሞቢሉ ካደረ በኋላ ይለካ። የደኅና ባትሪ ልክ 12.6 ቮልት ያህል ነው፤ 12 ቮልትና ከዚያ በታች የሆነ ባዶ ለመሆን ቀርቧል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ልኩ ከ13.8 እስከ 14.4 ካልደረሰ፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ አልሠራምና አዲስ ባትሪ መግዛት ከንቱ ነው።

መለኪያ የሌለው ሰው ግን አስቀድሞ ማሰሪያዎቹን ይመልከት። ነጭና አረንጓዴ ዝገት የያዛቸው እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መጀመሪያ የነጌቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዚቲቩን ማሰሪያ ይፍታ፤ ለብ ባለ ውሃ በተበጠበጠ የመጋገሪያ ሶዳና በሽቦ ብሩሽ ይፈትግ፤ አድርቆም መጀመሪያ ፖዚቲቩን፣ ቀጥሎ ነጌቲቩን አጥብቆ ይሰር፤ በላዩም ግራሶ ይቀባ። ሞተ ተብሎ ሊጣል የነበረ ባትሪ በዚህ ብቻ ሥራውን የሚቀጥልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሌላ ኦቶሞቢል ኃይል መዋስ የተፈለገ እንደ ሆነ፣ ቀዩ ሽቦ ከደካማው ፖዚቲቭ ወደ ብርቱው ፖዚቲቭ ይታሰር፤ ጥቁሩ ከብርቱው ነጌቲቭ ተነሥቶ መጨረሻው በደካማው ኦቶሞቢል ሞተር ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ባለ ቀለም በሌለው ብረት ይያዝ። ባትሪ የሚቀጣጠል አየር ይተፋልና፣ የእሳት ብልጭታ በአጠገቡ መሆን የለበትም። ደግሞም ከከባድ የጭነት መኪና መዋስ ከቶ አይገባም፤ እነዚህ አብዛኞቹ በ24 ቮልት ስለሚሠሩ የትንሹን ኦቶሞቢል ዕቃ ያቃጥላሉ።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይያዝ እንደ ሆነ ባትሪውን መተው ነው፤ የጎደለው ወይም ነዳጅ ነው፣ ወይም እሳት ነው፣ ወይም አየር ነው። አስቀድሞ በማጠራቀሚያው ነዳጅ መኖሩን ማየት አያሳፍርም፤ የነዳጁ ምልክት ይዋሻልና። የቤንዚን ሽታ የከረረ እንደ ሆነ ሞተሩ ታፍኗል፤ ጥቂት ቆይቶ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻ ረግጦ ማዞር ነው። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ያለው አሮጌ መኪና በዚያ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጢስም ያጨሳል። ሞተሪኖውን ከዐሥር ሰኮንድ በላይ ያለ ዕረፍት ማዞር አይገባም፤ ራሱ ይቃጠላልና።

የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ በታመቀ አየር ሙቀት ይቀጣጠላል። ብዙዎቹ የሚያሞቅ ካንዴሌታ አላቸውና፣ ቁልፉን ከፍቶ የምትበራው ምልክት እስክትጠፋ መታገሥ ይገባል። ናፍታው አልቆ የተሞላ እንደ ሆነ በቧንቧው አየር ስለሚገባ፣ በፊልትሮው ራስ ላይ ባለችው የእጅ ፖምፓ ማስወጣት ያስፈልጋል። በወረዳ ነዳጅ በበርሜል ስለሚቀመጥ ደግሞ ውሃ ይገባበታል፤ ውሃውም በፊልትሮው ሥር ይረጋልና በየጊዜው ከሥሩ ይፈስስ።

ስለ መግፋት ግን ተለይቶ ሊነገር ይገባል፤ ሰው የሚሞትበት ነውና። ሞተሩ አልነሣ ሲል ኦቶሞቢሉን በሐረጎ ቁልቁለት ለቆ በመንደርደር ለማስነሣት የሚሞክር ሹፌር አለ። ሞተሩ ካልዞረ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከአንድ ወይም ከሁለት እርግጫ በኋላ ያልቃል፤ መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ ወደ ኋላ የተመለሰ እንደ ሆነ መሪው ከነአካቴው ይቆለፋል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የሚወርደው ከፍታ ከ600 ሜትር ይበልጣል። መግፋት ግድ የሆነ እንደ ሆነ በሜዳ ይሁን፤ ቁልፉ ይከፈት፣ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ማርሹ ሁለተኛ ይግባ፣ ኦቶሞቢሉ የሰው ሩጫ ያህል ሲሄድ ፍሪሲዮኑ ይለቀቅ። ማርሹ ራሱ የሚቀያየረው ኦቶሞቢል በመግፋት አይነሣም፤ የገፊዎቹን ጉልበት መጨረስ ብቻ ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ በእጅ ያሉት አሮጌዎች ለብዙ ዓመት መጠገን አለባቸው። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ከዚህ ሕመም ፈጽሞ ነፃ አይደለም፤ ከትልቁ ባትሪው ሌላ እንደ ቀድሞው ያለ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ አለው፤ እርሱ የደከመ እንደ ሆነ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሳለ ኦቶሞቢሉ አይነቃም። ትልቁ ባትሪ የሚሠራበት ብርቱ ኃይል ሰው የሚገድል ስለሆነ፣ ባለንብረቱ ትንሹን ባትሪ ብቻ መርምሮ፣ የብርቱካን ቀለም ያላቸውን ወፍራም ሽቦዎች ሳይነካ ለባለሙያ ይተዋቸው።