በጠረን የሚጠበቅ የበቆሎ ማሳ

በሰኔ መጨረሻ ወደ አንድ የበቆሎ ማሳ ገብቶ ቅጠሎቹን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ በአንዳንዶቹ ላይ በእኩል ርቀት በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ የቀዳዳ ሰልፎችን ያያል። ነገሩ እንቆቅልሽ ይምሰል እንጂ ፍቺው ቀላል ነው። ቅጠሉ ገና ተጠቅልሎ ሳለ አንድ እጭ በስቶት አልፏል፤ ቅጠሉ ሲዘረጋ አንዱ ቀዳዳ ብዙ ይሆናል። ወረቀት አጣጥፎ በመቀስ የበሳ ልጅ ይህን ያውቀዋል። እጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ከቅጠሉ ላይ አይገኝም። ወደ አገዳው ውስጥ ገብቷል።

ይህ ተባይ አገዳ ቆርቁር ይባላል። በሀገራችን በበቆሎና በማሽላ ላይ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሱት ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ቡሲዮላ ፉስካ የአፍሪካ ተወላጅ ሲሆን በይበልጥ ደጋና ወይና ደጋውን ይወዳል፤ ኪሎ ፓርቴለስ ግን ከእስያ የመጣ ነው። በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1930 በማላዊ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ቆላማ አካባቢዎች ተስፋፍቷል። የሁለቱም የሕይወት ዑደት ተመሳሳይ ነው። የእሳት ራቷ በሌሊት እንቁላሏን በተክሉ ላይ ትጥላለች፤ የተፈለፈሉት እጮች ለጥቂት ቀናት ለጋ ቅጠል ከበሉ በኋላ አገዳውን ሰርስረው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ለገበሬው የሚታየው ከቀዳዳው አፍ የሚረግፈው ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የቡሲዮላን አንድ ልማድ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በጋው ሲገባ እጩ በደረቀው አገዳ ውስጥ እንደ ተኛ፣ ሳይበላና ሳያድግ ወራትን ያሳልፋል። ዝናብ ሲመለስ ነቅቶ ወደ እሳት ራትነት ይለወጣል። አገዳው ደግሞ የትም አይጣልም፤ ለማገዶ፣ ለአጥርና ለከብት መኖ ሲባል በየደጃፉ ይከመራል። በሌላ አነጋገር ገበሬው የመጪውን ዓመት ጠላቱን በገዛ ግቢው አስጠልሎ ያከርመዋል። የሀገራችን ተመራማሪዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ምንም ወጪ አይጠይቅም። አገዳውን አቁሞ ከመከመር ይልቅ ለተወሰኑ ሳምንታት መሬት ላይ አጋድሞ ለፀሐይ ማስጣት ነው። ሙቀቱ በውስጡ ያሉትን እጮች አብዛኞቹን ይፈጃቸዋል፤ አገዳው ግን ከዚያም በኋላ ለአጥርም ለማገዶም ይሆናል።

መርዝ ለምን አይበቃም?

ፓውል ሙለር የዲ.ዲ.ቲ.ን ነፍሳት ገዳይነት በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ የነፍሳት ተባይ ጉዳይ አብቅቶለታል ብለው ያመኑ ብዙዎች ነበሩ። ተስፋው ያልሰመረበት ምክንያት በሥነ ሕይወት ሀሁ ውስጥ ይገኛል። በአንድ ማሳ ውስጥ አንድ ሺህ እጮች አሉ እንበል። መርዝ ተረጭቶ ዘጠኝ መቶ ዘጠናው ሞቱ። የተረፉት አሥሩ ዕድለኞች ብቻ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ መርዙን በሰውነታቸው ውስጥ የሚሰባብር ኤንዛይም በብዛት የሚያመርት ዘር የያዙ ናቸው። የሚቀጥለውን ትውልድ የሚወልዱት እነርሱ ናቸው። አንድ ትውልድ በሠላሳ ቀን ገደማ በሚፈጸምበት ፍጡር ዘንድ ይህ ምርጫ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይታያል።

ሁለተኛው ችግር መርዙ ተባዩን ብቻ ለይቶ አለመግደሉ ነው። በእጩ አካል ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ጥገኛ ተርቦች፣ እንቁላል የሚለቅሙ ጉንዳኖችና ጥንዚዛዎች፣ ሸረሪቶችም አብረው ያልቃሉ። አገዳ ቆርቁር ደግሞ በአገዳው ውስጥ ስለ ተደበቀ ከርጭቱ የመትረፍ ዕድሉ ከጠላቶቹ ይልቅ የሰፋ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1959 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ተባይን ማጥፋት ሳይሆን ቁጥሩን ጉዳት ከሚያደርስበት መጠን በታች ማቆየት ተገቢ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ርጭት የሚፈቀደው ተባዩ የሚያደርሰው ኪሳራ ከርጭቱ ወጪ የሚበልጥበት ደረጃ ላይ ሊደርስ ሲል ብቻ ነው። ዛሬ የተቀናጀ የተባይ መከላከል የምንለው ዘዴ ከዚህ የፈለቀ ነው።

የመግፋትና የመሳብ ዘዴ

ከተቀናጁ ዘዴዎች ሁሉ ለአፍሪካ ገበሬ ቅርብ የሆነውና ለተማሪም ብዙ የሚያስተምረው በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ምቢታ የተፈተነው ነው። መነሻውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ኢኮሎጂ ማዕከልና የእንግሊዙ ሮትሃምስተድ የምርምር ተቋም ከኬንያ የግብርና ተመራማሪዎች ጋር ሥራውን የጀመሩት በ1990ዎቹ ነው። የመሩትም ዘያውር ካንና ጆን ፒኬት ናቸው። ጥያቄያቸው እንዲህ የሚል ነበር፤ የእሳት ራቷ በጨለማ በቆሎን ከሌላው ተክል በምን ትለየዋለች?

መልሱ ጠረን ነው። እያንዳንዱ ተክል ከቅጠሉ የሚተንኑ ውሑዶችን ይለቃል፤ የእሳት ራቷም በአንቴናዋ ታነባቸዋለች። ተመራማሪዎቹ ብዙ ሣሮችን ሲፈትሹ ዝሆኔ ሣር ልዩ ጠባይ እንዳለው ደረሱበት። ጨለማ በሆነ በመጀመሪያው ሰዓት፣ የእሳት ራቷ እንቁላል የምትጥልበትን ስፍራ በምትፈልግበት ጊዜ፣ ይህ ሣር የሚለቃቸው አንዳንድ ውሑዶች መቶ እጥፍ ያህል ይጨምራሉ። እርሷም ከበቆሎው ይልቅ እርሱን ትመርጣለች። ምርጫዋ ግን ለልጆቿ አይበጅም፤ እጮቹ ዝሆኔ ሣርን ሊሰረስሩ ሲሞክሩ ሣሩ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያመነጫል፣ ከእነርሱም ለእሳት ራትነት የሚበቁት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሣሩ በማሳው ዙሪያ በረድፍ ይተከላል። መሳቡ ይህ ነው።

መግፋቱ ደግሞ በበቆሎው ረድፎች መካከል የሚዘራው ዴስሞዲየም የተባለ የጥራጥሬ ዘመድ ነው። በቤተ ሙከራ በተደረጉ ልኬቶች ይህ ተክል፣ በተባይ የተጎዳ በቆሎ የሚለቃቸውን የመሰሉ ውሑዶች ሲለቅ ተገኝቷል። የእሳት ራቷ ይህን ጠረን «ቦታው ተይዟል» ብላ ትተረጉመዋለች፤ ጥገኛ ተርቧ በአንጻሩ «ሲሳይ አለ» ብላ ትመጣለች። በአንድ መልእክት አንዷ ስትሸሽ ሌላዋ ትጠራለች።

ዴስሞዲየም ያልታሰበ ስጦታም ይዞ መጣ። በማሳው ውስጥ አቀንጭራ ጠፋ። አቀንጭራ ከበቆሎና ከማሽላ ሥር ተጣብቆ ምግብና ውኃ የሚመጥ ጥገኛ አረም ሲሆን፣ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ ዘሮችን ያፈራል፤ ዘሮቹም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ይህን አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው እንደ ነበር ብዙ አንባብያን ያስታውሳሉ። የዴስሞዲየም ሥር ከሚያመነጫቸው ውሑዶች አንዳንዶቹ የአቀንጭራን ዘር ያበቅላሉ፤ ሌሎቹ ግን የበቀለው ቡቃያ ከበቆሎው ሥር ጋር እንዳይጣበቅ ያግዱታል። ዘሩ ይበቅላል፣ አስተናጋጅ ያጣል፣ ይሞታል። ይህ ከተባዩ ጉዳይ የራቀ ቢመስልም፣ ብዙ ገበሬዎች ዘዴውን የተቀበሉት በአቀንጭራው ምክንያት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

መጤው ተምች

እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ አዲስ ተምች በምዕራብ አፍሪካ ታየ። በቀጣዩ ዓመት በየካቲት 2009 ዓ.ም. ገደማ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደረሰ። አንዲት እንስት ከአንድ ሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ በነፋስ ታግዛ በአንድ ሌሊት እስከ መቶ ኪሎ ሜትር ልትጓዝ ትችላለች፤ ከሦስት መቶ የሚበልጡ የተክል ዓይነቶችን መመገብ ይችላል፣ በቆሎን ግን ያስቀድማል። እጩን ከነባሩ ተምች ለመለየት ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» ፊደል የመሰለ ምልክትና በጅራቱ አቅራቢያ በካሬ የተደረደሩ አራት ነጠብጣቦችን መፈለግ ነው። በትውልድ አህጉሩ በርካታ ፀረ-ተባዮችን የተላመደ ስለሆነ የመርዝ ጥገኝነት በእርሱ ላይ ይበልጥ አያዋጣም።

በሀገራችን በ2017 በተሰበሰቡ እጮች ላይ የተደረገ ጥናት ግን የሚያስደስት ነገር አሳየ። ኮቴዥያ አይሲፔ የተባለች የአፍሪካ ተወላጅ ጥገኛ ተርብ መጤውን ተባይ በዚያው ዓመት መውረር ጀምራ ነበር፤ እንቁላሏን የጣለችባቸው እጮች ድርሻም ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ ደርሶ ተገኝቷል። ማንም ያላራባት፣ ማንም ያልለቀቃት ናት። ማሳው በመርዝ ቢጥለቀለቅ ኖሮ ይህች ተርብ ባልተገኘች ነበር።

በ2018 በታተመ ሌላ ጥናት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የመግፋትና የመሳብ ዘዴን የተጠቀሙ ማሳዎች በቆሎ ብቻ ከተዘራባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአንድ ተክል ላይ የሚገኘው የመጤው ተምች እጭ ቁጥር በ82.7 በመቶ ቀንሶ ነበር። ዘዴው ይሠራል። እንዴት እንደሚሠራ ግን አሁን ክርክር ተነሥቷል። በ2024 ከስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ማሳ ላይ ያለ ያልተጎዳ ዴስሞዲየም የተባለውን ጠረን እምብዛም አይለቅም፤ የመጤው ተምች እናትም አትሸሸውም፣ እንዲያውም እንቁላሏን ትጥልበታለች። እጮቹን የሚገድለው በግንዱና በቅጠሉ ላይ ያለው መንጠቆ መሰል ጠጉር ነው፤ ጠጉሩ ይወጋቸዋል፣ ያስራቸዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች በበኩላቸው በገበሬዎች ማሳ ላይ ባደረጉት ልኬት ጠረኑን አግኝተናል ይላሉ።

እኛ ይህን ክርክር የዘዴው ድክመት አድርገን አናየውም። ሁለቱ ግምቶች የሚለያዩበት ቦታ ግልጽ ነው። ሥራው የጠረን ከሆነ በበቆሎው ላይ የሚጣለው እንቁላል ራሱ መቀነስ አለበት። ሥራው የጠጉር ከሆነ ግን የእንቁላሉ ቁጥር እምብዛም ሳይለወጥ፣ ከተክል ወደ ተክል የሚሸጋገሩት እጮች መቀነስ አለባቸው። ሁለቱም አብረው ሊሠሩ ይችላሉ። ይህን ለመለየት ማሳ፣ ማስታወሻ ደብተርና በየማለዳው እንቁላል የሚቆጥር ትዕግሥተኛ ተማሪ በቂ ናቸው።

በኢትዮጵያ ዘዴው በአንዳንድ አካባቢዎች ቢሞከርም መስፋፋቱን የሚያዘገየው ከኬሚስትሪው ይልቅ ሌላ ነው። የዴስሞዲየም ዘር ውድና በቀላሉ የማይገኝ ነው። ተክሉ ዘላቂ ስለሆነ በጋውን ለምልሞ ይቆያል፤ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ማሳው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ክፍት ነው። ከብቶቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ አረንጓዴ ነው። በቆሎን በየዓመቱ ከጤፍ ወይም ከባቄላ ጋር የሚያፈራርቅ ገበሬም ለብዙ ዓመት የሚቆይ ተክል ማሳው ላይ ማኖር ይከብደዋል። መሬት ለአንድ ዓመት ብቻ በእኩል ይዞ የሚያርስ ሰው ደግሞ ጥቅሙን ሌላው የሚያጭደውን ዘር ለመግዛት እጁን አይዘረጋም።